ግራናይት ካልተቻለ፦ የኩሽና ባንኮኒ በአርማታ

የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

ባለፈው ስለ ግድግዳ ልስን ስጽፍ፣ በአንድ መስመር ብቻ «ባንኮኒም ቢሆን በአርማታ ይሠራል» ብዬ አልፌ ነበር። ከዚያ ወዲህ የሚመጣልኝ ጥያቄ ስለ ልስን መሆኑ ቀረ። ሁሉም ባንኮኒ፣ ባንኮኒ ይላል። ዛሬ ሌላውን ትቼ እሱኑ እመልሳለሁ።

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ ሰላም ለእርስዎ ይሁን። የካ አባዶ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ኮንዶሚኒየም ደርሶን ከባለቤቴ ጋር ቀስ በቀስ እየጨረስነው ነው። ለኩሽናው ግራናይት ዋጋ ብንጠይቅ የሰማነው ዋጋ እንቅልፍ የሚነሳ ሆነብን። ባለቤቴ ዩቲዩብ ላይ አይቶ «በሲሚንቶ ራሳችን እንሥራው» ይላል። ርዝመቱ 2 ሜትር፣ ስፋቱ 60 ሳንቲ ነው። እኔ ግን ወለሉ ይሸከመዋል ወይ ብዬ እፈራለሁ። ደግሞስ እኛ እንችለዋለን?

መልስ፦ መፍራትሽ ጥሩ ነው ልጄ። የባለቤትሽም ሐሳብ ጥሩ ነው። መጀመሪያ ሒሳቡን እንሥራ።

አንድ ሜትር ኩብ አርማታ ወደ 2,400 ኪሎ ይመዝናል። የእናንተን ባንኮኒ ውፍረቱን 5 ሳንቲ ብታደርጉት 144 ኪሎ ገደማ ይመጣል። የሲንኩ ክፍት ቦታ ሲቀነስ ወደ 120 ይወርዳል። ሁለት ደልደል ያሉ እንግዶች ማለት ነው። ሁለት እንግዳ ኩሽናሽ ገብቶ ቢቆም ወለሉ አይደነግጥም።

የሚያስቸግረው እግሩ ነው። ሰው ባንኮኒ ሲባል ቶሎ የሚያስበው በብሎኬት ማቆምን ነው። አንድ ባለ 10 ብሎኬት ወደ 10 ኪሎ ይመዝናል። ሦስት እግር በሙሉ ቁመት ስትገነቡ ማልታው (የአሸዋና የሲሚንቶ ልውሱ) ሲጨመርበት 200 ኪሎ አካባቢ ይደርሳል። እግሩ ከገበታው ከበደ ማለት ነው! መሬት ላይ ባለ ቤት ምንም አይደለም። የመኖሪያ ቤት ፎቅ ግን አብዛኛውን ጊዜ የሚነደፈው በካሬ ሜትር 200 ኪሎ ገደማ ተንቀሳቃሽ ጭነት ታስቦ ነው። ያንን ሁሉ በእግር ብቻ ለምን ትጨርሱታላችሁ? ዕቃም አለ፣ ፍሪጅም አለ፣ ሰውም አለ።

ስለዚህ ለፎቅ ቤት የምመክረው 4 በ4 ሳንቲ በሆነ አርኤችኤስ (ልቡ ባዶ የሆነ ባለ አራት ማዕዘን ብረት) የተበየደ ፍሬም ነው። ሠፈራችሁ ያለ በያጅ በግማሽ ቀን ይጨርሰዋል። መሐል መሐሉ ላይ አግዳሚ ይኑረው። በየ50 እና 60 ሳንቲው ይበቃል። ዝገት መከላከያውን ቀብታችሁ አስገቡት። አንድ ማስጠንቀቂያ፦ ፍሬሙ በራሱ እግር ይቁም። ግድግዳው ላይ በብሎን ብቻ ተንጠልጥሎ እንዳይቀር። የኮንዶሚኒየም ግድግዳ ብሎኬት ልቡ ባዶ ነው። ብሎኑ ዛሬ የያዘ ይመስላል፣ ጭነት ሲመጣ ግን ብሎኬቱን ሸርፎ ይወጣል።

አሁን ወደ ሥራው። ቪዲዮዎቹ ላይ የሚታየው ገበታውን መሬት ላይ ገልብጦ ሞልቶ፣ ሲደርቅ አንስቶ መግጠም ነው። ላዩ እንደ መስታወት ይወጣል፣ አልክድም። ግን 120 ኪሎ ሳይሰነጠቅ በዚያ ደረጃ ሦስተኛ ፎቅ ማን ያወጣዋል? እዚያው ቦታው ላይ ሙሉት። አሸዋና ሲሚንቶ በባልዲ ይወጣል፣ ገበታ ግን በባልዲ አይወጣም።

ፍሬሙ ላይ 18 ሚሊ ሜትር ኮምፔንሳቶ አስተኙ። ላዩ ላይ ወፈር ያለ ፕላስቲክ ሳይጨማደድ አንጥፉ። ይህ ኮምፔንሳቶ አይነሳም፣ እዚያው ይቀራል። ለፊት ለፊቱ ጠርዝ ግን ላሚኔት ያለው ቺፑድ ተጠቀሙ፣ ምክንያቱም ለዘላለም የምታዩት ጠርዙን ነው። ካሳፎርማው፣ ማለትም አርማታው የሚሞላበት ቅርጽ፣ ምን ያህል እንደለሰለሰ ጠርዙም ያንኑ ያህል ይለሰልሳል። መጋጠሚያውን ሁሉ በሲሊኮን ዝጉ። ከዚያ የምግብ ዘይት በጨርቅ ስስ አድርጋችሁ ቀቡት። ግንባታ ላይ ልጆቹ የሚቀቡት የተቃጠለ የሞተር ዘይት እዚህ አይገባም። ጠርዙን ጥቁር በጥቁር ያደርገዋል።

ለሲንኩ ቀዳዳ ከሲንኩ ጋር የሚመጣውን ወረቀት ልክ አድርጋችሁ ፎም ቁረጡ። ማዕዘኑን ክብ አድርጉት። ሹል ማዕዘን ለስንጥቅ የተከፈተ በር ነው። ለቧንቧው ቀዳዳ ቁራጭ የፕላስቲክ ቱቦ አቁሙ። ሲንኩን ሳትገዙ ሥራ አትጀምሩ። «ኋላ እንገዛለን» ያለ ሁሉ ኋላ የሚገዛው የግራይንደር ዲስክ ነው።

ብረቱ ባለ 6 ፌሮ፣ በየ15 ሳንቲው ፍርግርግ ታስሮ። ከሥሩ 2 ሳንቲ ከፍ እንዲል የማልታ ቁራጭ አስደግፉት። በሲንኩ አራት ማዕዘኖች ላይ ደግሞ አንዳንድ አጭር ፌሮ አግድም አጋድሙ። ይቺን ነገር ብዙ ሰው ይዘላታል።

ውህዱ አንድ ሲሚንቶ፣ ሁለት አሸዋ፣ ሁለት ጠጠር። ጠጠሩ ከ1 ሳንቲ ሜትር አይብለጥ። ለእናንተ ልክ ግማሽ ከረጢት፣ ማለትም 25 ኪሎ ሲሚንቶ ይበቃል፣ ትንሽም ይተርፋል። ውኃው ወደ 11 ሊትር ነው። አሸዋው እርጥብ ከሆነ ከዚያም ይቀነሳል። ሙሉውን በአንድ ጊዜ አትድፉት፣ መጨረሻ ላይ ያለችውን ሊትር በጣሳ እያያችሁ ጨምሩ።

እዚህች ላይ ልቁም። ሲቦካ ደረቅ ይመስላችኋል። አካፋው ይከብዳል። የሚያግዛችሁ ሰው «ትንሽ ውኃ» ይላል። እሺ እንዳትሉት። ሲሚንቶው ተጠቅሞ የተረፈው ውኃ ዝም ብሎ አይቀመጥም። እየወጣ የሚተወው ቀዳዳ ነው። ያ ቀዳዳ ነው ነገ ዘይት የሚጠጣው፣ ያ ነው የሚሰነጠቀው። ልስላሴ ከፈለጋችሁ ፕላስቲሳይዘር የሚባል ፈሳሽ የግንባታ ዕቃ መደብር ይሸጣል። ልኩ ጠርሙሱ ላይ ተጽፏል፣ ከዚያ አትለፉ።

ስትሞሉ የካሳፎርማውን ጎን ከውጭ በመዶሻ ቀስ እያላችሁ ምቱ። አየሩ ይወጣል። ቀጥ ባለ ሞራሌ (እንጨት) ላዩን እየመዘናችሁ ጥረጉ፣ በእንጨት አለስልሱ፣ ከዚያ ተዉት። ላዩ ላይ የወጣው ውኃ ራሱ እስኪጠፋ ጠብቁ። አውራ ጣት ስትጫኑት ትንሽ ምልክት ብቻ ሲተው ያኔ በማለስለሻ ብረት ግቡበት።

እጃችሁን ጠብቁ። እርጥብ ሲሚንቶ ቆዳ ያቃጥላል። ሕመሙ የሚሰማው ከሰዓታት በኋላ ነው። የላስቲክ ጓንት አድርጉ። ከነካችሁም ቶሎ በብዙ ውኃ ታጠቡ።

ከዚያ የሚቀረው ሥራ ማጠጣት ነው። ሲሚንቶ የሚጠነክረው በመድረቅ አይደለም፣ ውኃ ይዞ በመቆየት ነው። ንጹሕ ነጭ አሮጌ አንሶላ አርሳችሁ አልብሱት፣ በላዩ ፕላስቲክ ድረቡበት። ጆንያ አትጠቀሙ፣ ቀለሙን ይለቃል። ፕላስቲክ ብቻውንም አታልብሱት፣ የተጨማደደበት ቦታ ሁሉ ጥላ ሆኖ ይቀራል። ሁለት ሳምንት ይቆይ። አዎ፣ ሁለት ሳምንት። አዲስ አበባ ከፍታ ላይ ናት። በበጋ አየሩ ደረቅ ነው፣ ነፋሱም አለ። የኩሽናውን መስኮት ዝጉት።

እንችለዋለን ወይ ላልሽው፦ ትችላላችሁ። አንድ የሚያቦካ ጎረምሳ ግን ጨምሩ።

ጥያቄ፦ ኦፒሲ ይሻላል ፒፒሲ? (ከሰበታ)

መልስ፦ ሁለቱም ይሆናል። ኦፒሲ ተራው ፖርትላንድ ሲሚንቶ ነው። ፒፒሲ ላይ እሳተ ገሞራ የወለደው ድንጋይ ዱቄት ተጨምሮበታል፣ ስለዚህ መጀመሪያ ላይ ቀስ ብሎ ነው የሚጠነክረው። ካሳፎርማ ለመፍታት አትቸኩል፣ ውኃውንም ረዘም አድርገህ አጠጣ። ኦፒሲ ቶሎ ይይዛል፣ ቶሎም ያጣድፋል። ለጀማሪ ፒፒሲ እመርጣለሁ። ከሲሚንቶው ዓይነት ይልቅ አሸዋውን እይ። ጠርሙስ ውስጥ አሸዋና ውኃ ጨምረህ በደንብ ናጥና አሳድረው። ከላይ የተኛው ጭቃ ከአሸዋው 6 በመቶ ካለፈ ወይ እጠበው ወይ መልሰው።

ጥያቄ፦ ጋሽዬ፣ ሐዋሳ ነው የምኖረው። የሲሚንቶ ባንኮኒ ካሠራን ገና መንፈቅ አልሞላውም። አሁን ሎሚ የጨመቅንበት ቦታ ነጭ ነጭ ሆኗል። ዘይት የፈሰሰበት ጠቁሯል። እርድ የነካው ደግሞ ቢጫ ሆኖ ቀረ። ሠሪው «ቀለም ቀቡት» ብሎን ሄደ። ምን ይሻላል?

መልስ፦ ሦስት ዓይነት ጉዳት አለብህ። መድኃኒታቸውም ሦስት ነው።

ነጩ እድፍ አይደለም። ሎሚና አቼቶ አሲድ ናቸው፣ ሲሚንቶ ደግሞ የኖራ ዘመድ ነው። አሲዱ ላዩን በልቶታል። የተበላ ነገር አይታጠብም። በ220 ቁጥር የብርጭቆ ወረቀት ውኃ እያረከፈከፍክ አሸው፣ ከዚያ በ400 ጨርስ። ደረቁን አትሸው። የሲሚንቶ አቧራ ለሳንባ መጥፎ ነው፣ ማስክም አድርግ።

ዘይቱን ለማውጣት ቤኪንግ ሶዳ በጥቂት ውኃና በዕቃ ማጠቢያ ሳሙና እንደ ሊጥ ለውሰህ ለጥፍበት። በፕላስቲክ ሸፍነህ አሳድረው። ዱቄቱ ዘይቱን ይስበዋል። አንዴ ላይበቃው ይችላል። የቆየ ዘይት ግን ሙሉ በሙሉ ይለቃል ብዬ አልዋሽህም።

እርዱ ቀላል ነው። ፀሐይ ይጠላል። መስኮት አጠገብ ከሆነ በራሱ ጊዜ እየደበዘዘ ይሄዳል። ካልሆነ በረኪና በውኃ አቅጥነህ በጨርቅ ንካው። በረኪናና አቼቶ ግን በአንድ ቀን አንድ ቦታ እንዳይገናኙ። የሚወጣው ጋዝ መርዝ ነው።

ይሄ ሁሉ የመጣው ባንኮኒው መሸፈኛ ስላልተቀባ ነው። «ቀለም ቀቡት» የሚለውን እርሳው፣ ይላጣል። ምርጫህ ሦስት ነው። አንደኛው ወደ ውስጥ የሚሰርግ ማሸጊያ ነው። ላዩን አይለውጠውም፣ ውኃና ዘይት ይመልሳል፣ ሎሚን ግን አይመልስም። ሁለተኛው ላዩ ላይ ሽፋን የሚሠራው ነው፣ ኢፖክሲ ወይም ባለ ሁለት ጣሳ ፖሊዩሪታን። ሎሚውንም ይመልሳል። ኢፖክሲ ትኩስ ድስት አይወድም፣ ፀሐይ ሲያገኘውም ቢጫ ይላል። ፖሊዩሪታኑ የተሻለ ይቋቋማል። ልጆች ያሉበትና ወጥ የማይጠፋበት ቤት ከሆነ እሱን ቀባ። ስትቀባ ግን መስኮት ክፈት።

ሦስተኛው የኔ ምርጫ ነው፦ የተልባ ዘይትና ሰም። ሰም እንደ ልብ ያለበት አገር ነው ያለነው። የተልባ ዘይት አየር ሲያገኝ ይደርቃል፣ ቀዳዳውን ይዘጋል። ሦስት አራት ጊዜ በቀናት ልዩነት ስስ አድርገህ ቀባ፣ የተረፈውን ጥረግ። ዘይት የነካው ጨርቅ ተጨማዶ እንዳይቀመጥ። በራሱ ሊቀጣጠል ይችላል። ዘርግተህ ውጭ አስጣው ወይም ውኃ ውስጥ ንከረው። በመጨረሻ ሰሙን አቅልጠህ በጥቂት ተልባ ዘይት አለስልሰህ በጨርቅ አሸው። መልኩ ጠቆር ይላል፣ ያምራል። ጉድለቱን ልንገርህ፦ ሰም 60 ዲግሪ አልፎ ትንሽ እንደሄደ ይቀልጣል። ጀበና ያስቀመጥክበት ቦታ ክብ ምልክት ይወጣል። ሎሚም ሳትጠርገው ካደረ ይበላዋል። በየጥቂት ወሩ መደገም አለበት። ይሄ የሚያሰለቸው ሰው ፖሊዩሪታኑን ይቀባ፣ አልቀየምም።

ከመቀባትህ በፊት እርጥበቱን ሞክር። ላስቲክ ቁራጭ በአራቱም ጎን በፕላስተር ለጥፈህ አሳድር። ጠዋት ከሥሩ ላብ ካየህ ገና ነው። አዲስ ለሚሠሩም እንዲሁ ነው፣ ከተሞላ 28 ቀን ሳይሞላው ማሸጊያ አይነካም።

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ እኔ የእንጀራ ምጣዴን ባንኮኒው ላይ ባስቀምጠው ሙቀቱ ይሰነጥቀዋል ይሉኛል። እውነት ነው? (እናት፣ ከባሕር ዳር)

መልስ፦ እመት፣ የኤሌክትሪክ ምጣድ እግር አለው። ከሥሩ የሚወርደው ሙቀት አርማታውን አይጎዳውም። የሚጎዳው የተቀባውን ማሸጊያ ነው፣ ስለዚህ ከሥሩ አንድ ሁለት ሴራሚክ ያንጥፉ። የከሰል ምድጃ ግን በቀጥታ አያስቀምጡ። አንድ ቦታ ላይ የሚያርፍ የፍም ሙቀት ውስጡ ያለውን እርጥበት አፍልቶ ላዩን ያፈነዳዋል።

እኔን ያሳሰበኝ ሌላ ነው። ምጣድ ወደ 60 ሳንቲ ስፋት አለው። ባንኮኒም አብዛኛውን ጊዜ 60 ነው። ክዳኑን ሲያነሱ ግድግዳ ይመታል፣ ወይም ምጣዱ ወደ ፊት ይወጣል። ቁመቱስ? ለመክተፍና ለማጠብ 85 ወይም 90 ሳንቲ ልክ ነው። ለመጋገር ግን ከፍ ይላል። አቅንተው ሊጥ የሚያዞሩት ከላይ ወደ ታች እያዩ ነው፣ ክንድዎ ትከሻ ድረስ ተነስቶ አይደለም። ገና ካልተሠራ ለምጣዱ ብቻ አንድ ዝቅ ያለ ክፍል ያሠሩ። ስፋቱ 70፣ ቁመቱ 65 አካባቢ። ወገብዎ ያመሰግንዎታል።

ጥያቄ፦ እኔ አዳማ የምሠራ ግንበኛ ነኝ። ሰውን ሁሉ «ራሳችሁ ሥሩት» እያሉ እንጀራችንን ሊዘጉ ነው እንዴ? ለዚያውም ሊሾ ያልሠራ ሰው ባንኮኒ አይሠራም።

መልስ፦ ወንድሜ፣ አትስጋ። ከዚህ ጽሑፍ በኋላ ግማሹ ሰው ሁለት ሳምንት ማጠጣቱን አንብቦ አንተን ይጠራል።

ሊሾ ያልከው ግን ደስ አሰኝቶኛል፣ ምክንያቱም ጠብ የምፈልገው እዚያ ላይ ነው። ሊሾ ስትጨርስ ውኃው ላዩ ላይ ሲያስቸግርህ ደረቅ ሲሚንቶ ትነሰንስበታለህ። ሁላችንም ያደግንበት ነው። ወለል ላይ ያልፍ ይሆናል። ባንኮኒ ላይ አያልፍም። የነሰነስከው ሲሚንቶ ከላይ የወጣውን ውኃ ጠጥቶ ስስ ቆዳ ይሠራል። ያ ቆዳ ከሥሩ ካለው ጋር እኩል አይሸበሸብም። ከወር በኋላ ላዩ ላይ የሸረሪት ድር የሚመስል ስንጥቅ ታያለህ፣ ሲጠረግም ዱቄት ይለቃል። ባለቤቱም ስልክ ይደውላል። ውኃው ካስቸገረህ ጠብቅ። ካልጠፋ በስፖንጅ ንካው። የሚቀጥለውን ስታቦካ ደግሞ ውኃ ቀንስ።

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ ሜሪላንድ ነኝ። እዚህ ለባንኮኒ ተብሎ የተዘጋጀ ደረቅ ውህድ በከረጢት ይሸጣል። ጥር ላይ ዕረፍት ስላለኝ ጋራዥ ውስጥ ልሞላው አስቤያለሁ። ብርዱ ችግር አለው?

መልስ፦ አለው እንጂ። ከ5 ዲግሪ ሴልሲየስ በታች ሲሚንቶ ሥራውን ሊያቆም ምንም አይቀረው። ገና ሳይጠነክር ውስጡ ያለው ውኃ ከቀዘቀዘ ደግሞ አለቀለት፣ አይድንም። ጋራዥህን ማሞቅ ከቻልክ ሙላ፣ ከረጢቶቹም ከቀናት በፊት ቤት ገብተው ይሙቁ። በኬሮሲን የሚሠራና ጭሱን ወደ ውጭ የማያወጣ ማሞቂያ አታስገባ። ለአንተ ለራስህ አደገኛ ነው። ሲሚንቶውም አዲስ ሳለ ያንን ጋዝ ሲጠጣ ላዩ ዱቄት ይሆናል። የሚቻል ከሆነ ሚያዝያን ጠብቅ። ያንተ ቤት ካቢኔቱ ቀድሞ የቆመ ከሆነ መጀመሪያ ውኃ ልክ አስቀምጥበት። ካቢኔቱ ካልተስተካከለ ገበታው ባዶ ቦታ ላይ ተንጠልጥሎ ይሰነጠቃል።

ጥያቄ፦ የአያቴ ቤት ወለል ቀይ ሊሾ ነበር። ባንኮኒዬን እንደዚያ ቀይ ማድረግ ይቻላል? (ከደሴ)

መልስ፦ ይቻላል። የብረት ኦክሳይድ ዱቄት ግዛ፣ እንጨት ላይ የሚቀባውን ቀለም አይደለም። ከሲሚንቶው ክብደት 5 በመቶ ያህል ይበቃል። ለ25 ኪሎ ሲሚንቶ 1 ኪሎ ከሩብ ማለት ነው። ከ10 በመቶ አትለፍ፣ ቀለሙ አይጨምርም፣ ጥንካሬው ግን ይቀንሳል። ውኃ ሳይነካው ከደረቁ ሲሚንቶ ጋር ደጋግመህ አደባልቀው፣ አለዚያ ዝንጉርጉር ይወጣል። ቀይህ ጡብ ጡብ እንዳይል ከፈለግህ ግማሹን በነጭ ሲሚንቶ ተካ። ሁሉንም በአንድ ጊዜ አቡክተህ ሙላው፣ ሁለት ጊዜ ከተቦካ ሁለት ቀይ ነው የሚሆነው። ከሁሉ በፊት ግን አሮጌ ሳህን ውስጥ ትንሽ ሞልተህ አድርቀህ እየው። እርጥብ ሳለ የምታየው ቀለም ሲደርቅ በጣም ይፈዛል። ተልባ ዘይት ሲነካው ደግሞ መልሶ ይደምቃል። ሳህኑን ግማሹን ቀብተህ፣ ግማሹን ሳትቀባ ተወውና በቀን ብርሃን አወዳድር።